ምዕራፍ ስድስት፦ የጎማው ጠርዝ

መስታወት ማጽዳት ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ማሸት ነው። ጋዜጣ ጨብጦ በክብ በክብ ማሸት፣ ደረቅ ጨርቅ ይዞ መፈግፈግ ወይም ሽታው የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ነፍቶ መወልወል በየቤቱና በየሱቁ የተለመደ ነው፤ መስታወቱ ትንሽና ቆሻሻው ቀላል ሲሆንም ውጤቱ አያሳፍርም። ችግሩ የሚገለጠው መስታወቱ ሲሰፋና ፀሐይ በጎን ስትመታው ነው። ጨርቅ ቆሻሻውን በከፊል ይመጠውና የቀረውን ከአንዱ ቦታ አንሥቶ ሌላው ላይ ስለሚያሰራጨው፣ ከፊት ለፊት ሲታይ የጠራ የመሰለው መስታወት ከጎን ሲታይ በክብ ዥንጉርጉር ተሞልቶ ይገኛል። በሙያው የሚተዳደሩ ሰዎች የሚሠሩበት መርሕ ከዚህ የተለየ ሲሆን፣ እሱም ቆሻሻውን በቅድሚያ ከመስታወቱ አላቅቆ በውሃ ውስጥ እንዲንሳፈፍ ካደረጉ በኋላ ውሃውን ከነቆሻሻው በአንድ ጊዜ ከመስታወቱ ላይ ገፍቶ ማውረድ ነው። ይህን የሚያከናውነው መሣሪያ በእጀታ ላይ የተሰካ ቀጭን የጎማ ምላጭ ሲሆን፣ በጽዳት ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ ስኩዊጂ ተብሎ ይጠራል።

መሣሪያው ቀላል ስለሚመስል ብዙ ገዢዎች የሚመርጡት በእጀታው ምቾትና በብረቱ ማማር ነው። ይሁን እንጂ ሥራውን የሚሠራው ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ያነሰው የጎማው ጠርዝ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሁሉ፣ ማለትም እጀታው፣ ብረቱ፣ ሳሙናው፣ የሠራተኛው የእጅ አንጓ ሳይቀር፣ ያ ጠርዝ ከመስታወቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ሳያቋርጥ ከዳር እስከ ዳር እንዲጓዝ የሚያገለግል አጋዥ ነው። ይህ ምዕራፍ የመሣሪያ ምርጫንም ሆነ የአሠራር ስልትን የሚመለከተው ከዚሁ አንጻር ነው።

ጠርዙ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት በቅድሚያ የውሃን ጠባይ ማየት ያስፈልጋል። ንጹሕ ውሃ በላዩ ላይ ያሉት ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ በመስታወት ላይ መዘርጋትን ትቶ ወደ ጠብታነት መሰብሰብ ይቀናዋል፤ በተለይ መስታወቱ በጣት አሻራ ወይም በወጥ ቤት ጢስ ቅባት ሲኖረው ይህ ጠባዩ ይብስበታል። ይህ የገጽ ውጥረት የሚባለው ኃይል በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሜትር 72 ሚሊኒውተን ገደማ ሲሆን፣ ጥቂት ሳሙና ሲጨመርበት ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ውሃው እንደ ስስ ሽፋን ይዘረጋል፣ በቆሻሻውና በመስታወቱ መካከል ይገባል፣ ቅባቱንም በጥቃቅን እንክብሎች ከፋፍሎ ይይዛል። ከዚህም በላይ፣ ብዙ ጀማሪዎች የማያስተውሉት ሌላ አገልግሎት አለው፤ ጎማው ሳይንገራገጭ እንዲንሸራተት ያለሰልሳል። ስኩዊጂው በመስታወቱ ላይ ሲሄድ የሚንቀጠቀጥና የሚያፏጭ ከሆነ፣ ጎማው እየተጣበቀና እየተላቀቀ ነው ማለት ነው፤ መንሥኤውም ብዙ ጊዜ የሳሙናው ወይም የውሃው ማነስ ነው።

ጠርዙ ውሃውን ከፊቱ እየገፋ ሲያልፍ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ አያደርቀውም፤ ከኋላው በዓይን ለማየት የሚያስቸግር እጅግ ስስ የውሃ ሽፋን ይቀራል፣ እሱም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይተናል። የመስታወት ጽዳት ምስጢር፣ ምስጢር ከተባለ፣ ያለው በዚህ ስስ ሽፋን ውፍረት ላይ ነው። ውሃ ሲተን በውስጡ የሟሟው ማዕድንና ሳሙና አብሮት ስለማይተን፣ ሽፋኑ ስስ ከሆነ የሚተወው ቅሪት አይታይም፤ ጠርዙ በአንድ ነጥብ ላይ ተጎድቶ ወፈር ያለ ውሃ ካሳለፈ ግን በዚያ ነጥብ ትክክል ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ይቀራል። ስለዚህ መስታወት ላይ የቀረ ቀጥተኛ መስመር ስለ ጎማው ጉዳት የተሰጠ ምስክርነት ስለሆነ፣ መድኃኒቱ እንደገና መጎተት ሳይሆን ጎማውን መመርመር ነው።

መሣሪያው አሁን ያለውን ቅርጽ የያዘው በአሜሪካ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዚያ አገር ያሉ የመስታወት ጽዳት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የቺካጎ ስኩዊጂ የሚባለው ዕቃ ከብረት የተሠራ፣ ከባድ፣ ሁለት ወፋፍራም ጎማዎች የተገጠሙለት ሲሆን፣ ጎማውን ለመቀየር 12 ብሎን መፍታት ግድ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ከጣሊያን ወደ አሜሪካ የተሰደደውና በካሊፎርኒያ ግዛት በኦክላንድ ከተማ በመስታወት ጽዳት ይተዳደር የነበረው ኤቶሬ ስቴኮኔ ይህን ሸክም ለማቅለል ብዙ ከሞከረ በኋላ፣ በ1936 ቀላል የነሐስ ቦይና አንድ ብቻ ስል ጎማ ያለው፣ የቲ ቅርጽ የያዘ መሣሪያ ይዞ ብቅ አለ። ነጋዴዎች መጀመሪያ ፊት ነሡት። እንደሚነገረው ስቴኮኔ መሣሪያውን ለሥራ ባልደረቦቹ እያከፋፈለ ካለማመዳቸው በኋላ፣ ቀድሞ አልፈልግም ያለው የኒውዮርክ አከፋፋይ በአንድ ወር ውስጥ እንዲሸጥለት እንደሚጠይቀው በባርኔጣ ተወራርዶ ባርኔጣውን አሸንፏል። ዛሬ በየትኛውም አገር የሚሸጠው ስኩዊጂ፣ አምራቹ ማንም ይሁን ማን፣ የዚያው መሣሪያ ዘር ነው። ሁለት ጎማን በአንድ መተካቱ የቁጠባ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ጠርዞች እኩል መስታወቱን መንካታቸውን ማረጋገጥ አዳጋች ሲሆን፣ አንድ ጠርዝ ግን በእጅ አንጓ እንቅስቃሴ ብቻ ሊገራ ይችላል።

መሣሪያው ብቻውን ግን ሙያውን አልለወጠውም። ቀጥ ያለ የጎማ ጠርዝ በቅልጥፍና የሚሠራው ቀጥ ባለ ገጽ ላይ ሲሆን፣ በቀድሞው ዘመን በርካሽ የሚመረተው የመስኮት መስታወት ደግሞ ወለም ዘለም የሚል ገጽ ነበረው። የእንግሊዙ ፒልኪንግተን ኩባንያ በአሊስተር ፒልኪንግተን መሪነት የደረሰበትንና በ1959 ይፋ ያደረገውን ዘዴ በመከተል ቀልጦ የወጣ መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ መሠራት ከጀመረ ወዲህ ግን፣ ሳይሞረድና ሳይወለወል ዝርግ የሆነ መስታወት በብዛት ማምረት ተቻለ። ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ ሕንፃዎችን የሚያለብሰው መስታወት ከሞላ ጎደል በዚህ መንገድ የተመረተ ነው።

ወደ ምርጫው ሲመጣ፣ ስኩዊጂ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ በእጅ የሚያዘው እጀታ፣ ጎማውን አቅፎ የሚይዘው ቀጭን የብረት ቦይ እና ጎማው ራሱ። በባለሙያ መሣሪያ ሦስቱም ይለያያሉ፤ ተለያይተውም ይገዛሉ። በሱፐርማርኬት የሚሸጠው፣ ጎማው ከፕላስቲክ እጀታው ጋር አንድ ላይ የተጣበቀው ዕቃ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ውሃ ለማውረድ ይበቃ ይሆናል፤ ጎማው ሲያልቅ ዕቃው አብሮ ስለሚጣል ግን ለመስታወት ሥራ መግዛቱ ገንዘብ ማባከን ነው።

ቦዩ ከነሐስ፣ ከማይዝግ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል። ነሐስ ከበድ ይላል፤ ክብደቱ ግን ረጅም ዘንግ ላይ ተሰክቶ ከታች ለሚሠራ ሰው መሣሪያው በራሱ ኃይል መስታወቱን እንዲጫን ስለሚረዳ፣ ዛሬም ነሐስን ከምንም የማይለውጡ ሠራተኞች አሉ። የማይዝግ ብረት ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ወድቆም ቶሎ አይጣመምም። አሉሚኒየም ከሁሉም ይቀላል፤ ሰፋፊ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩትም ከእሱ ነው፤ ነገር ግን በግጭት ይጎዳል፣ የጎደጎደ ቦይ ደግሞ ጎማውን በዚያ ቦታ ላይ ከመስታወቱ ያርቀዋል። ለጀማሪ የማይዝገው ብረት የተሻለ ነው።

ስለ ስፋት የሚነሣው ክርክር የበለጠ ማብራሪያ ይፈልጋል። ገበያው ላይ ከ15 ሴንቲሜትር ጀምሮ እስከ 1 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚደርሱ መጠኖች ይገኛሉ፤ ሰፊ መሣሪያ በአንድ ጉተታ ብዙ ቦታ ስለሚሸፍን ሥራ ያፋጥናል የሚለው አስተሳሰብም ለጆሮ እውነት ይመስላል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ጠርዙ በረዘመ መጠን በመላ ርዝመቱ እኩል ግፊት መስጠት እየከበደ ይሄዳል፤ መሐሉ ሲጫን ጫፎቹ ይነሣሉ፣ ወይም አንዱ ጫፍ ሲነካ ሌላው ውሃ ያሳልፋል። በመስታወት ጽዳት ውድድር ሦስት መስታወቶችን፣ እያንዳንዳቸው 114.3 ሴንቲሜትር በ114.3 ሴንቲሜትር የሆኑትን፣ በ9.14 ሰከንድ አጽድቶ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው እንግሊዛዊው ቴሪ ባሮውስ የተጠቀመበት ስኩዊጂ ርዝመቱ 30 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር፤ በዚያ ውድድር የቀረ የውሃ ምልክት በእያንዳንዱ የግማሽ ሰከንድ ቅጣት ስለሚያስከትል ፍጥነትን ከጥራት ነጥሎ ማሸነፍ አይቻልም። ለቤትና ለቢሮ መስኮት 35 ሴንቲሜትር፣ ለሱቅ ፊት መስታወት 45 ሴንቲሜትር በቂ ሲሆን፣ በትንንሽ ክፍልፋይ ለተሠሩ የድሮ ቤቶች መስኮት ደግሞ መስታወቱ ውስጥ በትክክል የሚገባ ጠባብ ቦይ ይመረጣል። አሉሚኒየም ቦይ በብረት መጋዝ ስለሚቆረጥ፣ መስኮቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት በሆኑበት ሕንፃ የሚሠሩ ሠራተኞች ለዚያ ሕንፃ ልክ አስቆርጠው ይይዛሉ።

እጀታው ከሦስቱ ትንሹን ትኩረት የሚሻ ነው። የማይንቀሳቀስ እጀታ ለመማር ይመቻል፤ አንገቱ የሚዞር እጀታ የበረንዳ መከለያ ወይም ወጣ ያለ ክፈፍ እጅን በሚከለክልበት ቦታ ይጠቅማል፤ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚሄደው ዓይነት ደግሞ ጥልቅ ክፈፍ ላላቸው መስኮቶች የተበጀ ነው። መታየት ያለበት ዋናው ነገር ቦዩን ጨብጦ የሚይዝበት መንጋጋ ሳይላላ መቆየቱ ነው።

ጎማው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥሩ ጎማ ሲታይ ጠርዙ እንደ ተቆረጠ ካርቶን ጥርት ያለ ማዕዘን አለው፤ በጣት ሲዳሰስ ሸካራ ቦታ አይገኝበትም፤ ታጥፎ ሲለቀቅ ወዲያው ይቃናል። ጠንከር ያለውና ለስለስ ያለው ዓይነት ለየብቻ ይሸጣሉ። ሙቀት ጎማን ስለሚያለሰልስ በሞቃት አገር ጠንከር ያለው፣ ብርድ ስለሚያደርቀው ደግሞ በብርዳማ አገር ለስለስ ያለው ይመረጣል፤ በመሆኑም በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ሠራተኞች እንደ ወቅቱ ሲለዋውጡ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በድሬዳዋ ሙቀት የሚሠራ ሰው ጠንከር ያለውን ብቻ ይዞ ዓመቱን ሊዘልቅ ይችላል። ጎማው ቦዩ ውስጥ ሲገባ በሁለቱም ጫፍ ከቦዩ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ያህል አልፎ መውጣት አለበት። ይህች ትንሽ ትርፍ ብረቱ ክፈፉን እንዳይነካ ከማድረጓም በላይ፣ በመስታወቱና በክፈፉ መጋጠሚያ ያለውን ውሃ የምትወስደው እሷ ናት፤ ጎማው ከቦዩ እኩል ወይም አንሶ ከተቆረጠ ዳር ዳሩን ሁልጊዜ የውሃ መስመር ይቀራል፣ ሠራተኛውም ምክንያቱን ሳያውቅ ጨርቅ ይዞ ሲያብስ ይውላል። በብዛት የሚሸጠው ጎማ ሁለት የሚሠሩ ጠርዞች ስላሉት አንደኛው ሲያልቅ አገላብጦ መጠቀም ይቻላል። ሁለቱም ካለቁ ግን መለወጥ ነው እንጂ በአሸዋ ወረቀት መሳል ትርፉ ድካም ነው፤ ሥራ ሲያልቅም መሣሪያው በጎማው ላይ ተደፍቶ መቀመጥ ወይም ፀሐይ ላይ መዋል የለበትም፣ ሁለቱም ጠርዙን ያጎብጡታል ወይም ያሰነጣጥቁታል።

ከስኩዊጂው በፊት ሥራ የሚጀምረው ማርጠቢያው ነው፤ እሱም በቲ ቅርጽ እጀታ ላይ የሚለበስ፣ ውሃ የሚይዝ ወፍራም ጨርቅ ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኛው ከማይክሮፋይበር ይሠራል። ጀማሪዎች እንደ ማስጀመሪያ ብቻ የሚቆጥሩት ይህ ዕቃ በእውነቱ የጽዳቱን አብዛኛውን ክፍል ያከናውናል፤ ስኩዊጂ ውሃን እንጂ የተጣበቀ ቆሻሻን አያነሣም። በበጋ ወራት በአዲስ አበባ ግንባታ ባለበት አካባቢ መስታወት ላይ የሚከማቸው አቧራ በውስጡ ኳርትዝ የሚባለውን የአሸዋ ማዕድን የያዘ ነው፤ ኳርትዝ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን መስታወት 5.5 አካባቢ ስለሆነ፣ ደረቅ አቧራ በጨርቅ ሲታሽ መስታወቱን ሊጭረው ይችላል። ብዙ ውሃ አጠጥቶ አቧራውን ማስለቀቅ፣ እጅግ ከበዛም አንድ ጊዜ አጥቦ ማውረድና እንደገና ማርጠብ ያስፈልጋል። የክፈፉ አቧራ ቀድሞ ካልተጠረገ ደግሞ ውሃ ሲነካው ጭቃ ሆኖ በጸዳው መስታወት ላይ ይፈስሳል።

ስለ ሳሙናው መጠን የሚሰጠው ምክር በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ጥቂት። በአገራችን ላርጎ እየተባለ የሚጠራው ዓይነት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ለአንድ ባልዲ ውሃ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ባልበለጠ መጠን ሲጨመር ይበቃል። የዱቄት ሳሙና ግን ያልሟሟ ቅንጣትና ነጭ ቅሪት ስለሚተው ለመስታወት አይመከርም። አረፋው በበዛ ቁጥር ጽዳቱ ይሻላል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ነገር ግን የተትረፈረፈ ሳሙና የሚተወው ስስ ቅባት መሰል ሽፋን በማግሥቱ አዲስ አቧራ ይስባል። ውሃውም እንዲሁ ምርመራ ይፈልጋል። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ በአለትና በአፈር ውስጥ ሲጓዝ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለሚያሟሟ ከዝናብ ከሚጠራቀም የግድብ ውሃ የበለጠ ከባድ መሆኑ የተለመደ ነው፤ አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦችም ከአቃቂ ጉድጓዶችም ስለምትጠጣ፣ በአንዱ ሰፈር ያለ ምልክት የሚደርቅ መስታወት በሌላው ሰፈር ነጠብጣብ ቢያወጣ ጥፋቱ የሠራተኛው ላይሆን ይችላል። ቆይቶ የደረቀ የካልሲየም ነጠብጣብ በሳሙና አይለቅም፤ እንደ ኮምጣጤ ያለ ለስላሳ አሲድ ያሟሟዋል።

አሁን ወደ እጁ እንቅስቃሴ መሄድ ይቻላል። ሁሉም ስልቶች የሚጋሩት አንድ ሕግ አለ፤ የጎማው አንዱ ጫፍ ሁልጊዜ በደረቅ መስታወት ላይ መሄድ አለበት። ሁለቱም ጫፎች እርጥብ ቦታ ላይ ከሆኑ ውሃው በሁለቱም በኩል እያመለጠ መስመር ይተዋል። ስለዚህ መስታወቱ ከረጠበ በኋላ የመጀመሪያው ተግባር ደረቅ መነሻ ማበጀት ነው፤ ይኸውም የስኩዊጂውን ጫፍ ብቻ በማስነካት በላይኛው ክፈፍ ሥር ከዳር እስከ ዳር ጥቂት ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መስመር ማድረቅና ጎማውን በጨርቅ ማበስ ነው። ከዚያ በቀጥታ ስልት የሚሠራ ሰው ከዚህ ደረቅ መስመር ተነሥቶ ወደ ታች ይጎትታል፤ እያንዳንዱ አዲስ ጉተታ ያለፈውን አምስት ሴንቲሜትር ያህል ይደርባል፤ መሣሪያውም በእርጥቡ በኩል ትንሽ ዝቅ ብሎ እንዲያዘነብል ይደረጋል፣ ያን ጊዜ በጎማው ላይ የሚጠራቀመው ውሃ ወደ ደረቁ ሳይሆን ወደ እርጥቡ ይወርዳል። ከጉተታ ጉተታ ጎማውን ማበስ እንደ ማባከኛ የሚቆጠር ሥራ ቢሆንም፣ ጎማው ላይ የቀረችው ጠብታ በሚቀጥለው መነሻ ላይ ምልክት ስለምትተው መዝለሉ አያዋጣም።

የሁለተኛው ስልት ስያሜ እባብ መሰል እንቅስቃሴ ሊባል ይችላል። ሠራተኛው ከላይኛው ማዕዘን ጀምሮ መሣሪያውን ሳያነሣ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ዳር ሲደርስ የእጅ አንጓውን አዙሮ ይመለሳል፣ እንዲህ እየተመላለሰ እስከ ታችኛው ክፈፍ ይወርዳል። ወደ ጎን ሲሄድ የጎማው የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ቀደም ማለት አለበት፤ ውሃው ወደ ታች የሚገፋው በዚህ ዝንባሌ ነው። የሚያስቸግረው መዞሪያው ነው። አንጓው ዘግይቶ ከዞረ ውሃው በጎን ክፈፉ ሥር ይቀራል፤ ፈጥኖ ከዞረ ደግሞ ጫፉ ከመስታወቱ ይነሣል። ስልቱን ለመልመድ ሳምንታት ይወስዳል፤ የለመደ ሠራተኛ ግን ጎማውን አንድ ጊዜ ብቻ አብሶ ሙሉ መስኮት ይጨርሳል። ሠራተኞችን ቀጥሮ የሚያሰለጥን ሰው በቀጥታው ስልት ቢጀምር ይሻላል። በረጅም ዘንግ ከመሬት ለሚሠራም ቀጥተኛው ስልት የበለጠ አስተማማኝ ነው።

የማዕዘንና የግፊት ጉዳይ በሁለቱም ስልት አንድ ነው። ቦዩ ከመስታወቱ ጋር ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ሲያዘነብል ጎማው በትንሹ ተቆልምሞ በጠርዙ ብቻ ይነካል። ምልክት የቀረበት ጀማሪ የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ አጥብቆ መጫን ነው፤ ይህ ደግሞ ጉዳዩን ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ከመጠን በላይ የተጫነ ጎማ ተጋድሞ በጠርዙ ፋንታ በጎኑ መሄድ ስለሚጀምር ውሃውን መቁረጥ ትቶ ይረግጠዋል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስታወትም በማንም እጅ በቅጡ አይጸዳም፤ ውሃው ጎማው ሳይደርስበት ይደርቃል፣ ሳሙናውም ይቀራል። ጥንቁቅ ሠራተኛ ሕንፃውን የሚዞረው ጥላውን ተከትሎ ነው። በመጨረሻ ዳር ዳር የሚቀሩትን ጥቂት ጠብታዎች በደረቅና ክር በማይለቅ ጨርቅ ማንሣት ይፈቀዳል፤ መሐሉን በጨርቅ መንካት ግን የተሠራውን ማፍረስ ነው።

እስካሁን የተነገረው ስሕተት ቢፈጸም በአንድ ባልዲ ውሃ ይታረማል። መፋቂያ ግን እንደዚያ አይደለም። መፋቂያ የሚባለው 10 ወይም 15 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ምላጭ የተገጠመለት መሣሪያ ሲሆን፣ በአዲስ ሕንፃ መስታወት ላይ የተረጨ ቀለም፣ ሲሚንቶና ሲሊኮን ለማንሣት ያገለግላል። በገበያ ቴምፐርድ የሚባለው፣ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተግሎ በአየር በድንገት በማቀዝቀዝ የሚጠነክረው መስታወት ግን በዚህ መሣሪያ ሲነካ አደጋ አለው። መስታወቱ በምድጃው ውስጥ በተሽከርካሪ በርሜሎች ላይ ሲያልፍ በደንብ ካልታጠበ ወይም በርሜሎቹ ካልጸዱ፣ ጥቃቅን የመስታወት ብናኞች በገጹ ላይ ቀልጠው ይጣበቃሉ። ምላጩ እነዚህን ሲገጭ ይነቅላቸውና ከፊቱ እየገፋ በመስታወቱ ላይ ይጎትታቸዋል፤ በዚህም በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ጭረቶች በአንድ ቀን ይወለዳሉ። የጭረቱ ምንጭ የመስታወቱ የማምረቻ ጉድለት ሲሆን፣ የሚጠየቀው ግን ምላጩን የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሠራተኛ ከመፋቁ በፊት መስታወቱ ቴምፐርድ መሆኑን በጥግ ላይ በሚታየው ማኅተም ማጣራት፣ መስታወቱን በብዙ ውሃ ማርጠብ፣ በማይታይ ጥግ ላይ መሞከርና የምላጩን ድምፅ ማዳመጥ ይገባዋል፤ ብናኝ ሲኖር በእጅ ላይ የሚሰማ መንኮርኮርና የሚቧጥጥ ድምፅ አለ። ምላጩም ወደ ፊት ብቻ ይገፋል እንጂ ወደ ኋላ አይጎተትም፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ሥሩ የገባው ቅንጣት ይጭራልና። ፊልም በተለጠፈበት ገጽ ላይ መፋቂያ ፈጽሞ አይነካም፤ ፊልሙ የፕላስቲክ ቆዳ ነው። ሲሚንቶን በተመለከተ ደግሞ ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከእርጥብ ኮንክሪት የሚወርደው ውሃ አልካላይ ስለሆነ መስታወቱ ላይ ከቆየ ገጹን ይበላዋል፣ የተበላውንም ገጽ የሚመልስ ሳሙና የለም።

በከፍታ ላይ ለመሥራት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ማዕድኑ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የተጣራ ውሃ በረጅም ዘንግ ጫፍ ባለ ብሩሽ የሚረጭበት ዘዴ ሲሆን፣ ውሃው የሚተወው ቅሪት ስለሌለ መጥረግ ሳያስፈልግ ራሱ ይደርቃል፤ ለዝቅተኛ ሕንፃዎች መሰላልን ስለሚያስቀር ጥቅሙ ከጥራትም በላይ ለደህንነት ነው። ሁለተኛው ከጣሪያ የሚወርድ የጥገና መጓጓዣ ነው። በዱባይ ከ24,000 በላይ መስታወቶች ያሉትን ቡርጅ ኸሊፋን አንድ ዙር ማጽዳት ወራት ይፈጃል፤ በመጓጓዣው ላይ የሚቆሙት ሠራተኞች በእጃቸው የሚይዙት ግን ያንኑ ማርጠቢያና ያንኑ ስኩዊጂ ነው። በአዲስ አበባም 209 ሜትር የሚረዝመውን የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ጨምሮ ከፍተኛ ሕንፃዎች መስታወት ለብሰዋል፤ ከእነዚህ ፊት ለፊት የሚሠራ ሰው መሣሪያዎቹን በሙሉ በገመድ ከወገቡ ወይም ከመጓጓዣው ጋር ማሰር አለበት፣ ከዚያ ከፍታ የሚወድቅ የነሐስ ቦይ መንገደኛን ሊገድል ይችላልና። መሰላል ግድ በሚሆንበት ቦታ ለአራት ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይርቃል፤ ይህን ልክ ያላገኘ መሰላል ላይ መውጣት አይገባም።

የሕንፃ ባለቤቶችና ሥራ ተቋራጮች ለመስታወት ጽዳት ውል ሲያዘጋጁ ዋጋውንና ቀኑን ብቻ ጽፈው መተው የለባቸውም። መስታወቱ ቴምፐርድ መሆን አለመሆኑ፣ ፊልም መለጠፍ አለመለጠፉ፣ መፋቂያ መጠቀም መፈቀድ አለመፈቀዱና ቀድሞ የነበረ ጭረት ሥራው ሳይጀመር በፎቶግራፍ መመዝገቡ በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ፤ ባልዲና ጎማ ይዞ የሚመጣው ሠራተኛም ይህን ወረቀት ሳያይ ምላጭ አያውጣ።